የመኪና መብራት ከአያያዙ ይጠፋል

«ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» የሚለው ምሳሌ ስለ ጨርቅ የተነገረ ቢመስልም፣ ስለ መኪና የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢነገር ከእውነት አይርቅም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ርዝመቱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በክረምት ዝናቡና ጉሙ ሲበረታ የፋብሪካው መብራት አልበቃ የሚላቸው ባለመኪናዎች የጉም መብራት፣ ድምፁ ብርቱ የሆነ ክላክስና ሬዲዮ ያስጨምራሉ። ይህን ማድረጋቸው መልካም ነው። ነገር ግን አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው ሽቦ ጋር በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ከተጠቀለለ፣ ለእርዳታ የተገዛው መብራት ጭነት በያዘ መኪና ላይ፣ በሌሊት፣ በቁልቁለቱ መካከል ሊጠፋ ይችላል። የከፋ ሲሆንም ሽቦው ግሎ መኪናውንና ጭነቱን ያቃጥላል።

ምክንያቱ በቀላል ሒሳብ ይታወቃል። እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት መብራቶች በ12 ቮልት ባትሪ ሲበሩ ከ9 አምፔር በላይ ይስባሉ። መጋጠሚያው ላልቶ ወይም ዝጎ የአንድ ኦም ዐሥረኛ ያህል እንቅፋት ቢፈጥር፣ አንድ ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ መብራቱም ከብርሃኑ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የባከነው 8 ዋት ያህል ኃይል በዚያችው ትንሽ ሥፍራ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ዝገቱን ያባብሳል፤ ዝገቱም ሙቀቱን ይጨምራል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ቆላ ወርዶ ወደ ደጋ በሚመለስ መኪና ላይ ደግሞ የሙቀትና የብርድ መፈራረቅ፣ የመንገዱም ንቅናቄ መጋጠሚያውን ቶሎ ያላላዋል።

ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ አስቀድሞ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል። ኃይሉንም ከፋብሪካው የመብራት ሽቦ ሳይቀጥል ከባትሪው ራሱ ይወስዳል። ለባትሪው ቅርብ በሆነ ሥፍራ ፊውዝ ያስገባል፤ ከላይ ለተጠቀሱት ሁለት መብራቶች 15 አምፔር ፊውዝና 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ይስማማሉ። ማብሪያው ብዙ ኃይል እንዳይሸከም በሪሌ ያሠራዋል። የሽቦውን ጫፍ በካፖኮርዳ አስገብቶ በተገቢው መቆንጠጫ ያጠብቃል፤ ውሃ እንዳይገባበትም በሙቀት በሚኮማተር ሽፋን ያለብሰዋል። የመመለሻው ሽቦ የሚታሠርበትን የሻንሲ ብረት ቀለሙንና ዝገቱን ፍቆ ያጸዳል። በመጨረሻም መብራቱ በርቶ ሳለ ከባትሪው እስከ መብራቱ ያለውን ልዩነት በቮልት መለኪያ ይመረምራል፤ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ሥራው አላለቀም።

ብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች በሁለት ባትሪዎች ተያይዘው በ24 ቮልት ይሠራሉ። በእነዚህ መኪናዎች የ12 ቮልት ሬዲዮን ከአንዱ ባትሪ ብቻ ማገናኘት አንዱን ያደክማል፤ ሌላውን ከመጠን በላይ ያስሞላል። ቮልት የሚቀንስ መሣሪያ ባለመግዛት የዳነው ገንዘብ ሁለት ባትሪ ያስከፍላል።

በዚህ ረገድ የነጋዴው ድርሻ ቀላል አይደለም። አስመጪው ሽቦ ሲያዝ ንጹሕ መዳብ መሆኑን በውሉ ላይ ያስጽፍ፤ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ዋጋው ቢረክስም፣ በዚያው ውፍረት የሚያሳልፈው ኃይል ያነሰ ነው። ባለሱቁም የሽቦውን ጫፍ በቢላዋ ቢፍቀው ሊለየው ይችላል፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም።

መብራቱን ብቻ ሸጦ ገዢውን ከማሰናበት ይልቅ፣ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ካፖኮርዳውንና የሚስማማውን ሽቦ በአንድነት ማቅረብ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። መብራቱ በሐረጎ ላይ የጠፋበት ደንበኛ ወቀሳውን የሚያመጣው መብራቱን ወደ ሸጠለት ሱቅ ነውና።