ጉልበቱስ አለ፤ ጎማው ምን ይላል?

ባለፈው ሐምሌ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ካፊያ ቢጤ ጀምሯል። ከጓደኛዬ ጋር መብራት ይዞን ቆመናል። መኪናው ኤሌክትሪክ ነው፣ ከገዛው ገና ሁለት ወሩ። ግማሹ የባንክ ብድር፣ ግማሹ የእናቱ እቁብ። ቀን ቀን በአፕ እየተጠራ ታክሲ ይሠራበታል፤ ማታ ማታ ደግሞ እኛን ጭኖ ጉልበቱን ያሳየናል። ከጎናችን አንዲት አሮጌ ቪትዝ ቆማለች። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን "አሁን እያት!" አለኝና እስከ ወለሉ ረገጠው።

የፊቱ ወደፊት ሲል የኋላው ወደ ቀኝ ሸሸ። መሪውን አዞረ፣ መለሰ፣ እንደገና አዞረ። እኔ የበሩን እጀታ ይዤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የኋላው ጎማ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ሲመታ ቆምን። ማንም አልተጎዳም፤ ቸርኬው ብቻ ተጣመመ። ግን ከቆምንበት ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ አንዲት እናት የልጇን እጅ ይዛ፣ ጃንጥላ ዘርግታ ቆማ ነበር። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ልጇን ወደ ኋላ ሳብ አደረገችና ዝም ብላ አየችን። ቪትዟማ ምንም ሳትሆን መንገዷን ቀጠለች።

በነጋታው ጎሚስታ ጋ ሄድን። ጓደኛዬ መፍትሔውን ቲክቶክ ላይ አይቶ ጨርሷል። "ጋሼ፣ ሰፋ ያለ ጎማ ላድርግለት መሰለኝ። ጉልበቱ በዝቶ ነው መሬት ያልያዘው" አላቸው።

ሰውየው መልስ አልሰጡም። ቁጢጥ ብለው የኋላውን ጎማ በመዳፋቸው ዳበሱት። "ልጄ፣ ይሄ ጎማ እኮ ጥርስ የለውም። ንፋሱስ ስንት ነው?"

"አርባ አምስት።"

"ማን አዘዘህ?"

"ቻርጅ ይቆጥባል ብለውኝ ነው።"

"አሃ!" አሉ ጋሼ፣ "ቻርጅ ቆጥበህ ሰው ልትፈጅ!"

የዛሬው ጽሑፌ ከዚያ ጎሚስታ ደጅ የተጀመረ ነው። ጉልበት ያለው መኪና ይዘን፣ ጎማው መሬት እንዲይዝልን ምን ማድረግ አለብን?

የአዲስ አበባ አየርና የኤሌክትሪኩ ጉልበት

መጀመሪያ "እንዴት ቪትዟ ሳትንሸራተት የእኛው ተንሸራተተ?" የሚለውን እንፍታው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ መንገዶቻችን በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልተዋል። ብዙዎቻችን ደግሞ መንዳት የለመድነው በነዳጅ መኪና ነው። ልዩነቱ ከድምፁ በላይ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር የሚተነፍሰው አየር ስለሚያንሰው ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚሁ ከተማችን ውስጥ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም። ጅቡቲ ወደብ ላይ የነበረው ጉልበት እንጦጦ ጫፍ ላይም አለ።

ሁለተኛው ነገር ቶርክ ነው፣ ማለትም ጎማውን የማዞር ኃይል። የቪትዟ ባለ አንድ ሊትር ሞተር 70 ፈረስ ገደማ አለው፣ ቶርኩ ደግሞ ከ100 ኒውተን ሜትር በታች ነው፤ ያውም ሞተሩ ጮኾ ጮኾ ሲሞቅለት። ከተማችን ውስጥ በብዛት የምናያትን የኋላ ተነጂ ቮልስዋገን አይዲ 4 ውሰዱ። 204 ፈረስ፣ 310 ኒውተን ሜትር። ያን ሁሉ ገና ከቆመችበት፣ እግራችሁ ፔዳሉን እንደነካ ትሰጣችኋለች። ባለ ሁለት ሞተሩ ቢዋይዲ ሲል ደግሞ 530 ፈረስ ይዞ በ3.8 ሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳል። ትናንት የእሽቅድምድም መኪና ብቻ ያደርገው የነበረውን ዛሬ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ የቤት መኪና ያደርገዋል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፣ አትሽሹ። ሁለት ቶን የምትመዝን የኋላ ተነጂ መኪና አለችን እንበል። ግማሽ ክብደቷ፣ ማለትም 1,000 ኪሎው፣ ኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ደህና ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ከተጫነው ክብደት 90 በመቶ ያህሉን ገፍቶ መያዝ ይችላል፤ ያው 900 ኪሎ። ዝናብ ሲዘንብና ጎማው ሲያልቅ ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ 500 ኪሎ። 310 ኒውተን ሜትር ያለው ሞተር ደግሞ ማርሹ ከአሥር እጥፍ በላይ አባዝቶለት ጎማው መሬትን የሚገፋበት ኃይል 900 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። መኪናው ሲነሳ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚዞር ጎማው ትንሽ ይረዳል፤ ቢሆንም 900 የሚገፋ ሞተርና 500 የሚይዝ ጎማ ሲገናኙ ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

ጓደኛዬ ደግሞ መኪናውን ስፖርት ላይ አድርጎ፣ መንሸራተት የሚከላከለውን ሲስተም አጥፍቶት ነበር። "ያለዚያ አይፈቅድልህም እኮ" ብሎ። ለካ ሲከለክለው የነበረው ለዚህ ነው።

840 ፈረስ የያዙት ሰዎች ምን አደረጉ?

ይሄ ችግር ለእኛ አዲስ ይሁን እንጂ ለዓለም አሮጌ ነው። ስለ ጎማና ጉልበት መማር ለሚፈልግ ሰው የአሜሪካው ዶጅ ቻሌንጀር ዲመን ጥሩ አስተማሪ ነው። በ2018 ሞዴልነት የወጣ፣ ታርጋ ተለጥፎለት መንገድ ላይ የሚነዳ፣ ግን በእሽቅድምድም ነዳጅ እስከ 840 ፈረስ የሚሰጥ መኪና ነው። ከቆመበት ተነስቶ 96 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 2.3 ሰከንድ ይበቃዋል ተብሎለታል።

መሐንዲሶቹ ሞተሩን ከሠሩ በኋላ ራስ ምታት የሆነባቸው ያንን ጉልበት መሬት ላይ ማሳረፍ ነበር። ምን አደረጉ? አንደኛ፣ ለድራግ ውድድር የተሠራ፣ ለስለስ ያለ ላስቲክ ያለው፣ 315 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ከፋብሪካው ገጠሙለት። ሁለተኛ፣ ሞላውንና አሞርዛተሩን አለሳለሱት፤ መኪናው ሲነሳ አፍንጫው ወደ ላይ እንዲል፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማዎች እንዲወድቅ። በዚህም የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንስቶ ሊጓዝ ችሏል። ሦስተኛ፣ የፊት ፍሬኑን ብቻ ቆልፎ የኋላ ጎማውን በቦታው የሚያሽከረክር ሲስተም አስገቡለት፤ ላስቲኩ ሞቆ እንዲጣበቅ። ክብደት ለመቀነስ ደግሞ መኪናው ሲመጣ ያለው የሹፌሩ ወንበር ብቻ ነው፤ ጋቢና ሌላ ሰው ማስቀመጥ የፈለገ በአንድ ዶላር ወንበር ማዘዝ ይችል ነበር።

ትምህርቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ያ ሁሉ የተደከመበት ጎማ ዝናብ አይወድም። ጥርሱ ጥቂት ስለሆነ ውኃውን የሚያስወጣበት በቂ ቦይ የለውም፤ ብርድ ሲሆንም ላስቲኩ ይደርቃል። ኩባንያው ራሱ ለገዢዎቹ ይህንኑ አስጠንቅቋል። በደረቅ መንገድ አንደኛ የሆነው ጎማ በክረምት ዝናብ ከተራ ጎማ ያንሳል። እንግዲህ አንዱ ወንድማችን "የድራግ ጎማ አስመጣልኝ" ሲላችሁ ከሰኔ እስከ መስከረም የት ሊያቆመው እንዳሰበ ጠይቁት።

ሰፊ ጎማ ይሻላል?

የጓደኛዬ ጥያቄ ነው፤ የብዙዎቻችሁም ይመስለኛል። መኪናችሁ መሬትን የሚነካው በስንት ቦታ ነው? በአራት። እያንዳንዱ ቦታ ከመዳፋችሁ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሁለት ቶን ብረት፣ እናንተ፣ እናታችሁ ከኋላ ተቀምጣ፣ ሁላችሁም የተማመናችሁት በአራት መዳፍ ላስቲክ ነው።

ጎማውን ስታሰፉት ያ መዳፍ ብዙም አያድግም። ንፋሱ አንድ ከሆነ የሚነካው ስፋት ተቀራራቢ ነው፤ ቅርጹ ግን ይለወጣል፣ አጭርና ሰፊ ይሆናል። ይሄ በደረቅ መንገድ፣ በተለይ ኩርባ ላይ፣ ይጠቅማል። ዝናብ ላይ ግን ሰፊው ጎማ ውኃውን ሰንጥቆ ከማለፍ ይልቅ ላዩ ላይ ሊንሳፈፍ ይቀለዋል። በዚያ ላይ የጎርፍ ኩሬ የማይጠፋበት መንገዳችን አለ። ለመያዝ ዋናው ነገር ላስቲኩ ከምን እንደተሠራ፣ ዕድሜውና ጥርሱ ነው። ስፋት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

ደግሞ ይሄን አስቡት፦ ጎማ ያለው የመያዝ አቅም እንደ ዳታ ጥቅል ነው። አንድ ጊጋ ገዝታችሁ ቪዲዮ ላይ ከጨረሳችሁት ለቴሌግራም አይተርፍም። ጎማም ያለውን አቅም ለመፍጠን፣ ለመጠምዘዝና ለፍሬን ያካፍላል። ሁሉንም ለመፍጠን ካዋላችሁት መሪውን ብታዞሩትም የሚሰማ ጎማ የለም። እኛ ያን ቀን የሆንነው ይሄን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ጋሼ የነገሩንን ከሌላው ከማውቀው ጋር አድርጌ ላስቀምጠው።

ንፋስ፦ የሹፌሩን በር ክፈቱ፤ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ትክክለኛው ቁጥር እሱ ነው፤ ጎረቤት የነገራችሁ አይደለም። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ከልክ በላይ ሲሞላ ጎማው እንደ ኳስ ይነፋና መሐሉ ብቻ መሬት ይነካል፤ ያቺ መዳፍ ታንሳለች። ድራግ ተወዳዳሪዎች ንፋስ ሲቀንሱ አይታችሁ ደግሞ እንዳትከተሏቸው። መንገድ ላይ ንፋስ ያነሰው ጎማ ይሞቃል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ጥርስ፦ በብዙ አገር ሕግ ዝቅተኛው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማችሁ ቦዮች ውስጥ አለፍ አለፍ ብለው የተቀመጡ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ እነሱ ጋ ከደረሰ ጎማው አልቋል። ለክረምት ግን 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር ማሰብ መጀመር ይሻላል።

ዕድሜ፦ የጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ አለ። "አዲስ ነው፣ አልተነዳም" የሚላችሁን ሻጭ ከማመናችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡና ያችን ቁጥር ፎቶ አንሷት።

ፊደል፦ ብዙ ጎማ ላይ ትራክሽን የሚል ቃል አጠገብ ደብል ኤ፣ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ የሚል ፊደል ታገኛላችሁ። በእርጥብ መንገድ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዴት እንደሚይዝ የሚናገር ነው። ደብል ኤ ከሁሉም ይበልጣል። ቻርጅ እንዲቆጥቡ ተብለው የሚሠሩ ጎማዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ያንን ለማግኘት በእርጥብ መንገድ የመያዝ አቅማቸውን ይሰዋሉ። ስትገዙ ሁለቱንም ጠይቁ።

አቀማመጥ፦ ሁለት ጎማ ብቻ ለመግዛት አቅሙ ካላችሁ አዲሶቹ የሚገቡት ኋላ ነው፤ የፊት ተነጂ መኪናም ቢሆን። ፊቱ ቢንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ እግር ስታነሱ ይመለሳል። ኋላው ቢንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል።

ከጎማው በላይ ያለው፦ አሞርዛተሩ የሞተ መኪና ጎማው መሬት ላይ ይዘላል፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ አይዝም። ዝናብ ሲጀምር ኢኮ ላይ አድርጉት፤ ፔዳሉ ይለዝባል። እግር ስታነሱ ራሱ ፍሬን እየያዘ ባትሪ የሚሞላውንም በረጅም እርጥብ ቁልቁለት ላይ ቀነስ አድርጉት። መንሸራተት መከላከያውን አታጥፉ። ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ካፊያ ሲወርድ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አቧራውና ዘይቱ ከውኃው ጋር ሲቦካ መንገዱ ሳሙና ይሆናል። ኮብልስቶን፣ የቱቦ ክዳንና የዜብራ ቀለም ላይ እግራችሁን አቅልሉ።

ቪትዟ

ጓደኛዬ ለድምፅ ማጉያ ያጠራቀመው ብር ነበረው። አራት ጎማ ገዛበት፤ በፋብሪካው ልክ፣ ሳይሰፋ። ትንሽ ቅር ብሎት ነበር፣ አልደብቃችሁም። ጋሼ ንፋሱን በወረቀቱ ልክ ሞሉለትና "አሁን መኪና ገዛህ" አሉት።

ነሐሴ ላይ እንደገና አብሬው ነበርኩ። ዝናቡ ይወርዳል፣ እናቱ ከኋላ ተቀምጣለች። መብራቱ ለቀቀን። ከጎናችን የነበረች አንዲት ቪትዝ ጥሩንባዋን ነፍታ ቀደመችን። ዞር ብዬ አየሁት። በመስተዋቱ እናቱን አየና ዝም አለ።