በመዶሻ የተመታው የስካንዲናቪያ ብር

ዛሬ የምንገበያይበት ሳንቲም በመኪና ስለሚሠራ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። የጥንቱ የስካንዲናቪያ ብር ግን እንዲህ አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ995 ዓ.ም. ገደማ የዴንማርኩ ንጉሥ ስቬን፥ የኖርዌዩ ኦላፍ ትሪግቫሶንና የስዊድኑ ኦሎፍ በየስማቸው ገንዘብ ማሠራት ጀመሩ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሥዕልና ጽሕፈት የተቀረጸበት የብረት ማኅተም በግንድ ላይ ይተከላል፤ ስስ የብር ዝርግ በላዩ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ማኅተም በእጅ ተይዞ ከላይ በመዶሻ ይመታል። ስለዚህ ሥዕሉ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ጠርዙም የተስተካከለ ክብ አይሆንም፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ጊዜ ስለሚመታ ፊደሉ ይደራረባል። ጉድለት የሚመስለው ይህ ሁሉ ለእውነተኛነቱ ምስክር ነው። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ሐሰተኛ ግን ብዙ ጊዜ በጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር፥ በገጹም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታዩበታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ጽሕፈቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ብሮች ከእንግሊዙ ንጉሥ ከኤተልሬድ ገንዘብ የተቀዱ ናቸው፤ በአንዱ ገጽ የንጉሥ ራስ፥ በሌላው መስቀል አለ። አንዳንዱ «ኦላፍ ሬክስ»፥ ማለት ንጉሥ ኦላፍ፥ ይላል። ብዙዎቹ ግን በስዊድን በሲግቱና ከተማ ተመትተው ሳለ የኤተልሬድን ስም ይዘዋል! ታዲያ በምን ታወቀ? የስዊድን ተወላጅ የሆኑት ሊቅ ብሪታ ማልመር በ1997 ባሳተሙት ጥናት ማኅተሞቹን አንድ በአንድ አመሳክረዋል። አንድ ማኅተም በአንዱ ብር ላይ ከኦሎፍ ስም ጋር፥ በሌላው ላይ ከኤተልሬድ ስም ጋር ተጣምሮ ከተገኘ፥ ሁለቱም ከአንድ አውደ ጥናት መውጣታቸው ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ ብልሃት አላየሁም።

የኋለኞቹን መለየት ይቀላል። በስቬን ኤስትሪድሰን ዘመን (1047–1076) በሉንድ የተመቱት አንዳንዶቹ ሩን የሚባለውን የሰሜን ፊደል ይዘዋል። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ደግሞ እንደ ቅጠል የሳሱ፥ በአንድ ወገን ብቻ የተመቱ ብሮች ነበሩ፤ በፊታቸው ያበጠው ሥዕል በጀርባቸው ይጐደጕዳል። ቀለም ብቻ አይቶ መፍረድም አይገባም፤ የኖርዌዩ ንጉሥ ሃራልድ ሃርድሮዴ (1046–1066) ብሩን ከመዳብ ጋር እጅግ አብዝቶ ደባልቆታል።

እንዲህ ያለ ብር ያገኘ ሰው በአመድ ወይም በአሸዋ አይሸው። በገጹ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን የቢላዋ ነቁጦች የጥንት ነጋዴዎች ብሩን የፈተኑባቸው ናቸውና፥ አብረው ይጠፋሉ።