ሥራና ዓላማ በአንድ ቀንበር



በገበሬ አገር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ሁለት ብርቱ በሬዎች ተጠምደው አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ የሚጎትቱ ከሆነ፥ ማሳው ሳይታረስ ይመሻል። በዚያ ማሳ ላይ የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ ሁለቱን ወደ አንድ ትልም የሚመራ አራሽ ነው። በንግድና በኢንዱስትሪም ቢሆን ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ድርጅት ሥራ በማጣት ብቻ ሳይሆን፥ እርስ በርሱ የማይገናኝ ሥራ በማብዛትም ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፥ አንድ ድርጅት የሚጀምራቸውን ሥራዎች ከተቋቋመበት ዓላማ ጋር እንዴት ማስማማት እንደሚችል፥ በዚሁም መካከል አዲስ ሐሳብን እንዴት ማበረታታት እንደሚገባው፥ እንደ ዓቅሜ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ጉዳዩ የትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእኛ መካከልም ትምህርቱን ጨርሶ ከጓደኞቹ ጋር በማኅበር ተደራጅቶ ሥራ የሚጀምር አይጠፋም።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። ዓላማ ማለት ድርጅቱ ሊደርስበት የሚፈልገው ግብ ነው። ስልት ማለት ወደዚያ ግብ ለመድረስ ከብዙ መንገዶች መካከል የመረጠው መንገድ ነው። ፕሮጀክት ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ የሚሠራ፥ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፥ ገንዘብና የሰው ጉልበት የተመደበለት ሥራ ነው። ለምሳሌ አንድ የፍኖተ ሰላም የበርበሬ ነጋዴ ዓላማው ከሩቅ ከተማ የሚመጣ ቋሚ ደንበኛ ማግኘት ነው እንበል። ስልቱ ከሌሎች ይልቅ ንጹሕና ሻጋታ የሌለበት በርበሬ ማቅረብ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በርበሬው በመሬት ላይ ተሰጥቶ እርጥበት እንዳይስብ ከፍ ያለ የማድረቂያ አልጋ ቢሠራ፥ ፕሮጀክቱ ከስልቱ ጋር ተስማማ ይባላል። በዚያው ገንዘብ የልብስ ሱቅ ቢከፍት ግን፥ ሱቁ ለብቻው መልካም ቢሆንም፥ በርበሬውን አንድ ስንዝር ወደ ፊት አላራመደውም።

ይህን ነገር እኔ የተማርሁት ከመጽሐፍ አስቀድሞ በቤታችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታላቅ ወንድሜ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ በብድር ንብ ማነብ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት የአደይ አበባ ማር በኅዳር ተቆረጠና ጥሩ ገንዘብ ተገኘ። በሁለተኛው ዓመት ግን ከአባሎቹ አንዱ፥ ባጃጅ ቢገዛ በየቀኑ ገንዘብ ያስገባል አለ፤ ሌሎቹም ደስ ብሏቸው ተስማሙ። ያገለገለ ባጃጅ ተገዛ። ከዚያ በኋላ ቀኑ የሚያልፈው ባጃጁን በማስጠገንና ተራ በመጠበቅ ሆነ። ለንቡ በችግር ወራት የሚሰጠው ምግብ ተረሳ፤ ከቀፎዎቹ በታች መደረግ የነበረበት የጉንዳን መከላከያም አልተደረገም። ንቡ ኮበለለ፤ ባጃጁም ቆመ፤ ማኅበሩ ፈረሰ፤ ዕዳው ግን አልፈረሰም። የወንድሜን ድርሻ ለመክፈል አባቴ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጡ። በሚቀጥለው ክረምት ማሳችን የታረሰው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማስበው ስለ ባጃጁ አይደለም። ከአባሎቹ አንዲቱ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሌላ ሐሳብ አቅርባ ነበር። ማሩ ከተጣራ በኋላ የሚቀረውን ሰፈፍ፥ ጠጅ ጣዮች የሚጥሉትንም ጭምር ሰብስበን፥ አቅልጠንና አጣርተን ሰሙን እንሽጥ፤ ከፊሉንም ጧፍ እንሥራበት፤ በዘመናዊ ቀፎ ክፈፍ ላይ የሚለጠፈውን ሰምም ከገበያ ከመግዛት እንድናለን ብላ ነበር። የሚያስፈልገው ብረት ድስትና ማጣሪያ ጨርቅ ብቻ ነበር። ሐሳቡ አዲስ ነበር፤ ከማኅበሩ ዓላማም ጋር ይስማማ ነበር። ነገር ግን ተሳቀባት እንጂ አልተሰማችም። እንግዲህ ያ ማኅበር ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፤ ከዓላማው የራቀውን ሥራ ተቀበለ፤ ወደ ዓላማው የሚያቀርበውን አዲስ ሐሳብ ጣለ።

ይሁን እንጂ ከዚህ በመነሣት፥ ድርጅት ከለመደው ሥራ ፈቀቅ ማለት የለበትም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥሩ ምስክር ነው። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ደግሞ «ራዕይ 2025» የተባለ የአሥራ አምስት ዓመት እቅድ አወጣ። ዓላማውም በአፍሪካ ቀዳሚ የአቪዬሽን ድርጅት መሆን ነበር። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሥራዎች ሲታዩ መልካቸው ልዩ ልዩ ነው፤ አዳዲስ አይሮፕላኖች ተገዙ፤ የአብራሪዎችና የጥገና ሠራተኞች ማሠልጠኛው ተስፋፋ፤ የጭነት መጋዘን ተሠራ፤ በጥር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ስካይላይት ሆቴል ተከፈተ።

አየር መንገድና ሆቴል ምን አገናኛቸው የሚል ሰው ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ነው። አየር መንገዱ የመረጠው ስልት መንገደኞችን ከየአህጉሩ ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ፥ ከዚያ ወደ ሌላ አገር ማሸጋገር ነው። በመካከሉ ማደር የሚገባው እንግዳ ማረፊያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሆቴሉ ከዓላማው የወጣ ሳይሆን ዓላማውን የሚያገለግል ነው። የወንድሜ ማኅበር ባጃጅና ይህ ሆቴል ሁለቱም ከተለመደው ሥራ ውጭ ናቸው፤ ልዩነታቸው አንዱ ዋናውን ሥራ ሲያዳክም ሌላው ማጠናከሩ ነው።

እንዲሁም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ መንገደኛ ጠፋ። አየር መንገዱም የመንገደኛ አይሮፕላኖችን መቀመጫ እየነቀለ ጭነት እንዲያመላልሱ አደረገ። ይህ ድንገተኛ ዘዴ ነበር፤ ነገር ግን ለጭነት የሚሆን መጋዘን፥ መቀመጫ የሚነቅል የጥገና ባለሙያና የጭነት ደንበኛ አስቀድሞ ባይኖር ኖሮ ዘዴው ባልሠራ ነበር። አስቀድሞ በአንድ ዓላማ የተሰለፉ ሥራዎች በችግር ቀን ለአዲስ ሐሳብ መሣሪያ ይሆናሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። የባሕር ዳሩ መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ከነቀምት ከሚመጣው ጋር በሚገናኝባት በቡሬ፥ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚያው ዓመት ፊቤላ የዘይት ፋብሪካም ተመርቋል፤ በምረቃው ጊዜ የተነገረው የማምረት ዓቅሙ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ነው። የፓርኩ ዓላማ የገበሬው ምርት በጥሬው ከመሸጥ ይልቅ በአገር ውስጥ ተሠርቶ ዋጋው እንዲጨምር ነው። ስሙ «የተቀናጀ» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። በእቅዱ መሠረት በዙሪያው ባሉ ወረዳዎች የገጠር ሽግግር ማዕከላት ምርቱን ሰብስበው፥ መድበው ወደ ፓርኩ ይልካሉ።

ይህም ብዙ ፕሮጀክቶች በአንድ ዓላማ ሲሰለፉ ምን እንደሚመስል ያሳያል። መንገዱ፥ መብራቱ፥ ውኃው፥ ማዕከላቱ፥ የዘር አቅርቦቱና ፋብሪካው አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ አይደለም። የቅባት እህል የማይደርሰው የዘይት ፋብሪካ በሙሉ ኃይሉ ሊሠራ አይችልም፤ ገዢ የሌለው አኩሪ አተርም ገበሬውን አያበረታታም። ስለዚህ በወረዳችን በቆሎ፥ አኩሪ አተር ወይም በርበሬ የሚያመርት ማኅበር፥ ፋብሪካው የሚፈልገውን ዓይነትና ጥራት አስቀድሞ ጠይቆ ቢዘራ፥ የራሱን ሥራ ከትልቁ ዓላማ ጋር አስማማ ይባላል።

አዲስ ሐሳብን ስለ ማበረታታት ደግሞ ከውጭው ዓለም ሁለት ምሳሌዎች ልጥቀስ። የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ከሠራተኞቹ የማሻሻያ ሐሳብ የሚቀበልበት ሥርዓት አቆመ። ካይዘን የሚባለው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል ልማድም ከጃፓን ተነሥቶ ወደ ብዙ አገር ተዛመተ፤ በአገራችንም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሞ ነበር። በአንጻሩ በአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ አንድ ወጣት መሐንዲስ በ1975 ፊልም የማያስፈልገው ዲጂታል ካሜራ ሠርቶ አሳየ። ይሁን እንጂ የኩባንያው ገቢ ከፊልም ሽያጭ ነበርና ኮዳክ በአዲሱ መንገድ በሙሉ ልቡ ሳይገፋበት ቀረ፤ በ2012 በአውሮፓ አቆጣጠርም የክስረት ጥበቃ ጠየቀ። የኮዳክ ታሪክ ዓላማን ከልማድ መለየት እንደሚገባ ያስተምራል። ዓላማው ሰው ትዝታውን በሥዕል እንዲያኖር መርዳት ቢሆን ኖሮ፥ ፊልም መንገዱ እንጂ መድረሻው አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት፥ አንድ ማኅበር አዲስ ሥራ ሲቀርብለት ሊጠይቃቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፥ ይህ ሥራ የትኛውን ዓላማችንን ያገለግላል? መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልተቻለ ገንዘቡ ከሣጥን ባይወጣ ይሻላል።

ሁለተኛ፥ ይህን ስንሠራ የትኛውን ሥራ እንተዋለን? ገንዘብም ጊዜም ውሱን ናቸውና። የባጃጁ እውነተኛ ዋጋ የተከፈለበት ብር ብቻ አልነበረም፤ የኮበለለው ንብም ነበር።

ሦስተኛ፥ በትንሹ ልንሞክረው እንችላለን? ጠንቃቃ ገበሬ አዲስ ዘር ሲመጣለት ማሳውን ሁሉ አይዘራበትም፤ በአንድ ጥግ ይሞክረዋል። ቢከሽፍ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ቢያፈራ በሚቀጥለው ዓመት ያሰፋዋል። እንዲሁ ሲሆን ሐሳብ ያመጣው ሰው ቢሳሳትም አያፍርም፤ ነገም ሌላ ሐሳብ ያመጣል።

አራተኛ፥ መቼ እንመረምረዋለን? ሥራው ሲጀመር የመመርመሪያው ቀን ካልተቆረጠ፥ የማይጠቅም መሆኑ የሚታወቀው ዕዳው ከመጣ በኋላ ነው።

ከእነዚህም ጋር አንድ ልማድ ያስፈልጋል፤ ይኸውም በስብሰባ ላይ ድምፁ ዝቅ ያለውን ሰው መስማት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ነገር ግን ድር የሚያብረው እያንዳንዱ ክር ቦታ ሲኖረው ነው። በማኅበራት ውስጥ ታናናሾችና ሴቶች ሲናገሩ የሚስቅ ከሆነ፥ የሚስቀው በገዛ ገንዘቡ ላይ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ ሥራ የምንሰማራበት ጊዜ ቅርብ ነው። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም በእኛ ላይ ተስፋ አላቸው። ወንድሜ አሁን በጓሯችን ሦስት ቀፎዎች አሉት፤ ከዕዳው የቀረውንም በየዓመቱ ይከፍላል። ባለፈው ኅዳር ሰፈፉን ሳይጥል አቅልጦ፥ ያቺ የማኅበር ጓደኛው እንዳለችው ሰሙን ለብቻው ሸጠ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ነገር ግን ወደ ቤት ሲመለስ፥ «ያን ጊዜ ሰምተናት ቢሆን አባባ በሬውን ባልሸጡ ነበር» አለኝ። እኛም ማኅበር ስናቋቁም ይህን ቃል ብናስታውስ፥ የአባቶቻችን በሬዎች ከቀንበራቸው አይፈቱም።