ቦሌ ለጥጃ ምን ይሰጣል? ምንስ ይነፍጋል?

ከብት አፈር ሲልስ የሚያይ ሰው ክፉ አመል ይመስለዋል። ነገሩ ግን የኬሚስትሪ ነው። የአመንዣጊ እንስሳ ምራቅ በሶዲየም የበለጸገ ሲሆን፣ አንዲት ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ታመነጫለች። ይህም ምራቅ መኖው በጨጓራ ውስጥ ሲብላላ የሚፈጠረውን አሲድ ያለዝባል። ሶዲየም ሲጎድል ሰውነት ፖታሲየምን ይተካል፤ እንስሳውም ግድግዳና ሽንት የነካው መሬት ሳይቀር ይልሳል።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እንሰት፣ ቡናና አገር በቀል ዛፎች ተደራርበው ይበቅላሉ፤ ለግጦሽ የሚተርፈው መሬት ጥቂት ነው። በጓሮ ታስሮ የእንሰት ቅጠል የሚቀርብለት ጥጃ በሶዲየም ረገድ የሰው እጅ ይጠብቃል። ዲላም ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በሁለት የጨው ምድሮች መካከል ትገኛለች፦ በስተሰሜን በስምጥ ሸለቆ «ቦሌ» የሚባለው ጨዋማ አፈር ይቆፈራል፤ በስተደቡብ በቦረና ከኤል ሶድ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ጥቁር ጨዋማ ጭቃ ይወጣል።

ታዲያ የጓሮው ቀይ አፈር ለምን አይበቃም? የተዳፋቱን አፈር ሶዲየም ዝናብ ለዘመናት አጥቦታል፤ የቀረው በአመዛኙ የብረት ኦክሳይድና ካኦሊናይት የተባለው ሸክላ ነው። ካኦሊናይት ማዕድናትን ይዞ የመለዋወጥ አቅሙ ደካማ ነው። ከእሳተ ገሞራ አመድ የሚገኘው ሞንትሞሪሎናይት ግን አሥር እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። የዚህ ሸክላ ክምችት ቤንቶናይት ይባላል፤ በአገራችን በአፋር ገዋኔ ይገኛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ እንዲይዝ በአንድ ኪሎ መኖ እስከ 20 ግራም ቤንቶናይት እንዲጨመር ፈቅዷል። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ወተት ውስጥ የተገኘውን አፍላቶክሲን ከኑግ ፋጉሎ ጋር አያይዞታል። ሆኖም የተጣራ ቤንቶናይት ሌላ፣ ከጉድጓድ የወጣ ቦሌ ሌላ ነው።

ችግሩ የሚበረታው በማደግ ላይ ባለው ከብት ላይ ነው። ቦሌ የጨው ረሃቡን ያስታግሣል፤ ገበሬውም ጥጃው ተግቶ ሲልስ አይቶ ሁሉ የተሟላ ይመስለዋል። ጥጃ ግን የሚመርጠው ሶዲየምን እንጂ መዳብን ወይም ፎስፎረስን አይደለም፤ እነዚህ ቢጎድሉ ምላሱ አይነግረውም። በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ 10 ሚሊግራም ያህል መዳብ ያስፈልገዋል። ይህ ሲያንስ ጠጉሩ፣ በተለይ በዓይኑ ዙሪያ፣ ይገረጣል፤ ዕድገቱም ይጓተታል። ከአፈሩ ጋር የሚገባው ብዙ ብረት ደግሞ ያችኑ ጥቂት መዳብ እንዳይጠቀምባት ያደርገዋል። ይህ ብዙ ጊዜ የማይነገር የአፈር ጎን ነው።

ለፎስፎረሱ የስንዴ ፉርሽካ ከማንኛውም አፈር የተሻለ ምንጭ ነው። የስምጥ ሸለቆ አፈር ከሆነ ፍሎራይዱም መለካት አለበት፤ ጥርሱና አጥንቱ ገና በመሠራት ላይ ላለ ጥጃ የፍሎራይድ መብዛት ዕድሜ ልክ የማይሽር ጉዳት ይተዋል።