ያልታዘዘ ውበት

የአፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት ከዘለቀ እድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወትም ተጠግኖ ወደ ቀድሞ ድምቀቱ ተመለሰ። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሥራ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት፣ በሚያዝያ 2016፣ ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢዬናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪልዮን ከፍታ የሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳን ሥራዎች አሳይታለች። በሁለቱም አጋጣሚ የሰማሁት ምስጋና ተመሳሳይ ነው፤ ሥዕል የአገር ገጽታ ይገነባል፣ ቱሪስት ይስባል፣ ታሪክ ያስተምራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ሥዕልን በሚያስገኘው ሌላ ጥቅም ብቻ የመለካት ልማድ እዚህ አገር ሥር የሰደደ ነው። በየዘመኑ አዛዡ ይለወጣል እንጂ ልማዱ ሲለወጥ አላየንም።

የሚገርመው፣ የጥንቱ እጅ ሥራ ከዚህ ልማድ ነጻ ነው። የብራና ዳዊት ወይም ወንጌል ሲገለጥ፣ በገጹ ራስና ጠርዝ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መስመሮች እርስ በርስ እየተጠላለፉ ይወርዳሉ። ሐረግ የሚባለው ይህ ጌጥ ቅዱስ አይሥልም፣ ታሪክም አይተርክም። አዲስ ክፍል እንደሚጀምር ለአንባቢ ለማመልከት ቢሆን አንድ ቀይ መስመር በበቃ ነበር። ሠሪው ግን አንዱን መስመር በሌላው ሥር አሳልፎ፣ መልሶ በላዩ አውጥቶ፣ ሳይስት እስከ ጠርዙ ድረስ ይዘልቃል። ሸማኔም እንዲሁ ነው። ነጠላ ያለ ጥበብም ነጠላ ነው፤ ከብርድም ከፀሐይም ይከልላል። ሆኖም ሸማኔው ጫፉ ላይ ሲደርስ መወርወሪያው እንደ ልቡ አይሮጥለትም፤ ድሩን በጣቱ እየለየ ባለቀለሙን ክር ያስገባል። ሽሮ ሜዳ ሄዳ የሐበሻ ቀሚስ የምትገዛ ሴት ዋጋውን ከፍ ያደረገው ጥበቡ መሆኑን ታውቃለች። በዋጋው ትከራከራለች፤ ጥበቡ ለምን አስፈለገ ብላ ግን አትጠይቅም።

የሐረር ስፌት፣ የመጾር መስቀል፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት መላእክት፣ ሁሉም ከዚሁ ወገን ናቸው። 

የዘመናዊው ሥዕል ታሪክ ሲጀምር ግን ትእዛዙ ይከብዳል። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ባቋቋሙበት ወቅት መንግሥቱ የዘመናዊነት ምልክት ይፈልግ ነበር። አፈወርቅ ለዚህ የተገኘ ሰው ነው። የአፍሪካ አዳራሹ መስታወት ሦስት ክፍሎች የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያሉ። ይህን መልእክት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 በዚያው አዳራሽ ሲመሠረት መሪዎቹም በንግግር ተናግረውታል። ንግግሮቹን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። መስታወቱ ፊት የቆመ ሰው ግን መልእክቱን ባያውቅም ይቆማል፤ የሚያቆመው ቀለሙን አልፎ የሚገባው ብርሃን ነው።

የዚህ ዘርፍ ትልቁ ክርክር የተነሣው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ላይ ነው፤ እኔም ከሌላው ሁሉ ረዘም አድርጌ የማወራው ስለ እሱ ነው። ሐረር ተወልዶ ያደገ፣ ገጣሚም ሠዓሊም የሆነ ሰው ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሊቅና የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ነበሩ። ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1962 ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ሲያሳይ ውዝግቡ ተቀጣጠለ። ምኑ ነው የተሣለው? ረቂቅ ሥዕል የፈረንጅ አይደለም ወይ? በተለይ «ጎልጎታ» ተመልካቹን አስደነገጠ። ርእሱን ማንም ምእመን ያውቀዋል። የተሰቀለው አካል ግን በቀዩ ቀለም ሊዋጥ ምንም አልቀረውም። ለስግደት የሚሰቀል አይደለም፣ ለማስተማርም አይመችም።

«የፈረንጅ ነው» የሚለው ክስ እኔን አሳምኖኝ አያውቅም። ታሪክ የማይተርክ ቅርጽና ቀለም በነጠላው ጫፍ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሕዝብ ረቂቅ ሥዕልን እንዴት ባዕድ ይለዋል? ገብረ ክርስቶስ ኮሎኝ የተማረው ዘዴ አለ፤ አይካድም። ያለ ተረክ የቆመ ቀለም ግን ከአባቱ ቤት የሚያውቀው ነገር ነው። ገጣሚውና ሐያሲው ሰሎሞን ዴሬሳ በጊዜው ስለ ሥራው በቁም ነገር ጽፏል፤ ገብረ ክርስቶስ ራሱም እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አግኝቷል፤ ክርክሩ ግን አልበረደም።

የበረታው ተቃውሞ ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ሲረግፍ ስለ ቀይ ቀለም ማውራት ነውር አይደለም ወይ የሚል። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ሠዓሊው እሸቱ ጥሩነህ የረሃቡን ተጎጂዎች የሣለበትን ትልቅ ሥዕል ያየ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል። ግን ያንን ሥዕል ከዜና ፎቶግራፍ የለየው የአካላቱ አቀማመጥና የቀለሙ ዝምታ ነው። ረሃብን ማሳየት ብቻ ቢሆን ዛሬ ማንም ባልተመለከተው ነበር።

ደርግ ለጥያቄው አጭር መልስ ነበረው፦ ሥዕል ለአብዮቱ። የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስሎች፣ ፖስተሮች፣ በ1977 የተመረቀው የትግላችን ሐውልት። ገብረ ክርስቶስ ከአገር ወጥቶ፣ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ሎውተን በምትባል ከተማ አረፈ። ሥዕሎቹ ከጀርመን ተመልሰው ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይታያሉ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሯል፤ የብራናና የክታብ ቅርጾችን ወስዶ ወደ ራሱ ሕልም ቀይሯቸዋል።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 በኋላ አዛዡ ገበያው ሆነ። ስለ ጋለሪ ዋጋ የሚወራው ብዙ ነው፤ እኔን ግን አይስበኝም። የሚስበኝ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ነው። የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦና ቁልፍ ሰብስቦ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራበታል፤ ከሥራ አጋሩ ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው ዞማ ሙዚየምም በ2011 ተከፍቷል። ጥቅሙ ያለቀ ዕቃ በእጁ ውብ ሲሆን ይታያል።

ወደ ቬኒስ ልመለስ። ተስፋዬ አለ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሽቱትጋርት ተምሯል። ስለ ፓቪልዮኑ ካነበብኩት አብዛኛው የሚያወራው ስለ ስደት፣ ስለ ማንነትና ስለ አገር ገጽታ ነው። የሰው ገላ ሮዝ፣ ቡናማና ግራጫ ሆኖ አንዱ በሌላው ላይ እንዴት እንደሚደራረብ፣ ብሩሹ የት ላይ አቋርጦ ሸራውን ባዶ እንደተወው የጻፈ ግን ጥቂት ነው። ስለ ሥዕል የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ትርዒት መልእክቱን ከመተንተናችሁ በፊት እስቲ ቀለሙን ጻፉልን።