በጾም ፕሮቲን ከየት እናገኛለን?

«ሥጋና እንቁላል ካልበላሁ ሰውነቴ አይጎዳም ወይ?» በጾም ወራት እኛን የሥነ ምግብ ባለሙያዎችን ብዙዎች የሚጠይቁን ጥያቄ ነው። መልሱ ሽሮና ምስር ወጡ ውስጥ አለ።

የበላነው ፕሮቲን በጨጓራና በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ ወደ አሚኖ አሲድ ይለወጣል። ሰውነት ከዚህ ጡንቻ፣ ሄሞግሎቢን፣ ኢንዛይምና በሽታ የሚከላከሉ አንቲቦዲዎችን ይሠራል። ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች 9ኙን ግን ራሱ ማዘጋጀት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት።

እንደ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ያሉ እህሎች ከ9ኙ አንዱ የሆነው ላይሲን ያንሳቸዋል። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተርና ምስር ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸው ከ9ኙ ሌላው የሆነው ሜቲዮኒን ያጥራቸዋል። እንጀራ በሽሮ ስንበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በአንድ ገበታ ባይቀርቡም በዕለቱ ሁለቱንም መብላት በቂ ነው።

ስንት ያስፈልጋል? ለጤነኛ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ገደማ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 48 ግራም መሆኑ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ይሰጣል።

ስለዚህ ወጡን አታሳንሱት። እንጀራው በዝቶ ሽሮው ከቀጠነ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ አይበቃም። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር የበለጠ ያስፈልጋቸዋልና እባካችሁ ለእነሱ ቅድሚያ ስጡ።