መርጨት ከመጀመሩ በፊት ዛፉ ይታይ

በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ ብዙ ግቢዎች ከቡናው ጎን ማንጎ፣ ብርቱካንና አቮካዶ አይታጣም። ቅጠሉ ነጠብጣብ ሲያወጣ ወይም መርገፍ ሲጀምር መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ምን መድኃኒት ልርጭበት?» የሚል ነው። ይህ መቸኮል ነው። ነፍሳት የሚገድል መድኃኒት ፈንገስን አይነካም፤ የፈንገሱም ለነፍሳት አይሠራም። የተሳሳተው ከተረጨ ገንዘቡም ወቅቱም ያልፋል፣ ዛፉ እንደታመመ ነው።

ማንጎ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ ነጩ ተባይ ነው። ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በጥፍር ቀስ ብሎ መጫር ነው። ሻጋታ ከሆነ ይጠረጋል፣ ሌላ ነገር የለውም። ተባዩ ከሆነ ግን ሰም የመሰለ ስስ ክዳን ይነሳና ከሥሩ ቀላ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት ይታያሉ። ሴቷ ክብ ናት፣ ስፋቷ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወንዶቹ ሞላላ ሆነው በአንድ ቦታ ይከማቻሉ። ጭማቂውን በመጠጡበት ቦታ ቅጠሉ ቢጫ፣ ፍሬው ደግሞ ሮዝ ነጥብ ያወጣል፤ እንዲህ ያለውን ማንጎ ገዢ አያነሳውም። ቅጠሉን ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነገር ከሸፈነው ግን ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ ነጩ ተባይ ጥቀርሻው የሚያድግበትን ጣፋጭ ፈሳሽ አያመነጭም።

ተባዩ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ሎኮ በሚገኝ እርሻ ሲሆን፣ ከዚያ በምዕራብ ኦሮሚያ ተዛምቷል። ክንፍ የሌላቸውን ግልገሎች ነፋስ ይወስዳቸዋል፤ ራቅ ወዳለ አገር የሚያደርሳቸው ግን ሰው ነው፣ በችግኝና ከነቅጠሉ በሚጫን ፍሬ። ስለዚህ ከሌላ አካባቢ የመጣ ችግኝ ቅጠሉ በሁለቱም ገጽ ሳይታይ ግቢ ባይገባ እመክራለሁ። የተጠቁትን ቅርንጫፎች ቆርጦ ማቃጠልና ዛፉን አሳስቶ አየርና ብርሃን ማስገባትም ይረዳል።

ወቅቱም ይናገራል። ነጩ ተባይ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ከባድ ዝናብ ያጥበዋል። ብርቱካንን የሚያጠቃው የቅጠልና የፍሬ ነጠብጣብ በሽታ ግን ፈንገስ ስለሆነ እርጥበት ይስማማዋል፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ለሚያገኘው ኢሉባቦር ደግሞ እርጥበት ብርቅ አይደለም። ምልክቱ መሀሉ ግራጫ፣ ዳሩ ጥቁር ቡናማ፣ ዙሪያው ቢጫ ቀለበት ያለው ክብ ነጠብጣብ ነው። ቢጫር የሚነሳ ነገር የለውም፣ ቁስሉ ከቅጠሉ ጋር አንድ ሆኗል። የረገፈውን ቅጠልና ፍሬ ሰብስቦ መቅበር ወይም ማቃጠል ያስፈልጋል።

አቮካዶ ከጫፉ ጀምሮ ሲደርቅና ቅጠሉ ሲያንስ ደግሞ ላይ ላዩን ማየት አይበቃም፤ አፈሩን ገለጥ አድርጎ ቀጫጭን ሥሮቹን ማየት ነው። ጠቁረው በእጅ የሚሰባበሩ ከሆነ ውኃ በሚተኛበት አፈር የሚመጣ የሥር መበስበስ ይጠረጠራል።

ያጠራጠረውን በፌስታል አሽጎ ለወረዳው የግብርና ባለሙያ ማሳየት ይቻላል። ናሙናው ግን መሬት ላይ የደረቀ ቅጠል አይሁን፤ የታመመው ከጤነኛው የሚገናኝበት ትኩስ ቅጠል ይሁን፣ በሽታ አምጪው በሕይወት የሚገኘው እዚያ ነውና።